ቦዩን ከምስሉ ያወጣሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ከዚያ ወዲህ ለንስሐ ቀርቤ አውቃለሁ። ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ስጨርስ "ሌላስ ልጄ?" ሲሉኝ፣ "ይኸው ነው አባቴ" ብዬ ተነሥቻለሁ። ይኸው አልነበረም። ትልቁ በሆዴ ቀርቶ ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ሰሚዬ ይህን የምታነበው አንተ ነህ፤ የምታነቢው አንቺ ነሽ። እንድትፈርዱልኝ አልጽፍም። ነገሩን በነበረበት ቅደም ተከተል ለማስቀመጥ እሞክራለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝና።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ስልክ እጠግናለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሹ ስልኮችን እየፈታሁ፣ ብሎኖቹን በወጡበት ተራ ነጭ ጨርቅ ላይ እየደረደርኩ፣ መልሼ እየገጠምኩ ተማርኩት። ቪዲዮ መቁረጥና መቀጠልንም እንዲሁ ብቻዬን ነው የለመድኩት። ሰው "ደረጀ ዝምተኛ ነው፤ እጁ ግን አይስትም" ይለኛል። ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ስሰማው ሌላ ነገር ትዝ ይለኛል።

በዚያን ጊዜ በስሜ የምታወቅበት ገጽ ነበረኝ። ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዶ መኪና ሲቆም፣ የሽንኩርት ዋጋ ሲወርድ፣ የማን ፍየል የት እንደተገኘች እጽፍበታለሁ። ሹፌሩም ነጋዴውም "ደረጀ ጽፎታል" ካለ ነገሩ እውነት ነው ማለት ነበር። ብዙ ተከታይ አልነበረኝም። የነበሩኝ ግን ያምኑኛል።

አሁን ስለ ቦዩ ልንገራችሁ፤ እሱ ካልገባችሁ ያደረግኩት አይገባችሁም። አባቴ መሬት ባለበት ቀበሌ ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈ የመስኖ ቦይ አለ። ከወንዙ አፍ አጠገብ ያሉት ገበሬዎች ራስጌዎች ይባላሉ፤ ቦዩ የሚያልቅበት ያሉት ግርጌዎች። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በሁለቱም ወገን አለ። ውሃው መጀመሪያ የሚደርሰው ራስጌዎች ዘንድ ነው፤ የሚጎድለው ደግሞ መጀመሪያ ግርጌዎች ላይ ነው። ተራ የሚደለድል፣ ሲጣሉ የሚዳኝ አንድ ሰው ይመረጣል፤ የውሃ አባት እንለዋለን። ምርጫው ወረቀት የለውም። ዕጩዎቹ ይቆማሉ፣ ሰው ከሚፈልገው ሰው ኋላ ይሰለፋል፣ ሰልፉ ይቆጠራል። አበቃ።

ስብሰባው ቦዩ ሰፋ በሚልበት ቦታ፣ ከማንጎዎቹ ጥላ ሥር ነበር። ራስጌዎች በአንዱ ዳር ይቀመጣሉ፣ ግርጌዎች በሌላው፤ ውሃው በመካከል ይሄዳል። አንድ ሰው ከወዲያኛው ዳር ለተናገረው ሰው መልስ መስጠት ከፈለገ፣ ከተቀመጠበት ሆኖ አይመልስም። ጫማውን አውልቆ ቦዩን ይሻገራል። ከባላንጣው ጎን ይቆምና የባላንጣውን ቃል እንደ ራሱ ቃል፣ "እኔ" እያለ ይናገራል። ባለቃሉ አዳምጦ "ቃሌ ነው" ካለ ብቻ ወደ ራሱ ዳር ተመልሶ መልሱን ይሰጣል። "ቃሌ አይደለም" ካለው እዚያው ቆሞ እንደገና ይጀምራል። ይህን "መሻገር" ይሉታል። መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አባቴን ለምን እንደሚሻገሩ ጠይቄው ነበር። "ውሃው እግርህን ሲያቀዘቅዘው አፍህም ይቀዘቅዛል" አለኝ።

ሁልጊዜ የተከበረ ነገር ብቻ አልነበረም፤ ይሳቅበትም ነበር። የራስጌው ጋሽ ወርቁ ሰፊ ሰው ናቸው። አንድ ቀን ሲሻገሩ ድንጋዩ አንሸራቷቸው ቦዩ ውስጥ ተቀመጡ። ከወዲያ ዳር እትዬ ዘሀራ፣ "ወርቁ፣ ተው ውሃችንን አትጠጣብን፤ ተራው የኛ ነው" አሏቸው። ጋሽ ወርቁም ከነውሃቸው ተነሥተው ከእትዬ ዘሀራ ጎን ቆሙና፣ "እኔ ዘሀራ ነኝ፤ ወርቁ ውሃዬን በመቀመጫው ሰረቀኝ" አሉ። "ቃሌ ነው" አሉ እትዬ ዘሀራ። ያን ቀን የተጣሉበት ነገር ምን እንደነበር ማንም አያስታውስም።

የውሃ አባታችን ጋሽ ይማም ነበሩ። መሬታቸው በቦዩ ወገብ ላይ ነው፤ ከራስጌም ከግርጌም ያልሆነ። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው የሚያዳምጡ ሰው ናቸው። አባቴ ታሞ በተኛበት በጋ፣ ተራችን በደረሰ ጊዜ ራሳቸው ዶማ ይዘው መጥተው ማሳችንን ያጠጡልን እሳቸው ናቸው። ይህን እዚህ የምጽፈው እንድታውቁት ነው። እኔ ያን ጊዜም አውቀው ነበር።

ያን ዓመት ውሃው ከመቼውም ይልቅ አነሰ። ስብሰባ ተጠራ። እኔም እንደ ልማዴ ስልኬን በእንጨት ላይ አስሬ ቀረጽኩ። ጋሽ ወርቁ ተነሥተው፣ ሽንኩርታቸው ራስ የሚይዝበት ጊዜ መሆኑን፣ አሁን ውሃ ካጣ እንደሚያልቅ፣ ግርጌዎች ዘግይተው ስለዘሩ መጠበቅ ያለባቸው እነሱ መሆናቸውን ተናገሩ። ትንሽ ተቆጥተው ስለነበር መጨረሻ ላይ ስንፍናንም ጨመሩበት። ከግርጌ በኩል ጉርምርምታ ተነሣ። ጋሽ ይማም ጫማቸውን አወለቁ። ሱሪያቸውን ጠቅለል አድርገው ከግርጌ ዳር ተሻገሩና ከጋሽ ወርቁ ጎን ቆሙ።

"እኔ የራስጌ ሰው ነኝ" አሉ። "ወንዙ መጀመሪያ የሚያልፈው በደጄ ነው። ሽንኩርቴ ራስ ሊይዝ ነው፤ ውሃዬን አልሰጥም። ግርጌዎች ዘግይተው ዘርተው ቢደርቅባቸው የስንፍናቸው ዋጋ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም።"

"ቃሌ ነው" አሉ ጋሽ ወርቁ። ቀጥለውም፣ "እንዲያውም ከኔ አሳመርከው" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ግርጌዎችም ሳቁ።

ጋሽ ይማም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። "ወርቁ ስለ ሽንኩርቱ እውነት አለው" አሉ። "ግርጌዎች የዘገዩት ግን ሰንፈው አይደለም። ከነሱ በላይ ካለነው ከኛ የሚተርፈውን ውሃ ሲጠብቁ ነው የዘገዩት። ያዘገየናቸው እኛ ነን፤ አዘግይተን ዘገያችሁ አንላቸውም።" ከዚያ ቀኑን ለግርጌ፣ ሌሊቱን ለራስጌ አድርገው ደለደሉ። ጋሽ ወርቁ ፊታቸውን አጨፍግገው ነበር፤ ግን እሺ አሉ። ቃላቸው ተሰምቶላቸው ነበር።

ሙሉውን ቪዲዮ ገጼ ላይ አወጣሁት። ማንም አላየውም ማለት እችላለሁ። እኔ ግን ደጋግሜ አየሁት፤ ጥሩ አድርጌ ቀርጼው ነበር። የውሃው ድምፅ እንኳ ጥርት ብሎ ይሰማል። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ትቶ የማይረባውን ማየቱ አናደደኝ። ንዴቱ ከጋሽ ይማም ጋር ምን ግንኙነት ነበረው? ምንም። ያም ሆኖ የወጣው በእሳቸው ላይ ነው።

ብሩክ የሚባል የሽንኩርት ደላላ ነበር፤ የግርጌ ልጅ፣ እኩያዬ። ለውሃ አባትነት ልወዳደር ብሎ ተነሥቷል። ማሳ መሃል ቆሞ በስልኩ በቀጥታ ይናገር ነበር፤ ድምፁ ያምራል፣ ሲናገር እኔም ቆሜ አዳምጠው ነበር። "ውሃ ለሁሉም፣ በሁሉም ጊዜ" ይላል። "ሽማግሌዎች ይበቃቸዋል፤ ሕዝቡ ራሱ ይክፈት፣ ራሱ ይዝጋ" ይላል። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግን አይናገርም። የሚጠይቀውም አልነበረም።

አንድ ከሰዓት ወደ ሱቄ መጥቶ ቬንትሌተሩ ሥር ቆመ።

"ደሬ፣ ያ ቪዲዮህ መቼ ነው የሚያልቀው? እኔ ሳየው ፂሜ አደገ።"

"ሙሉው ነው" አልኩት።

"ሙሉ እንጀራ የሚጎርስ አፍ አይተህ ታውቃለህ? ጉርሻ አድርገው እንጂ።" ሳቀና ባጃጅ ጠርቶ ሄደ።

ይህን ብቻ ነው ያለው። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ የትኛውን ቁረጥ አላለኝም። የጋሽ ይማምን ስም አላነሣም። ገንዘብም አልሰጠኝም፤ ቢሰጠኝ ኖሮ ዛሬ የማመካኝበት ነገር አገኝ ነበር። የመረጥኩት እኔ ነኝ።

እንዴት እንዳደረግኩት እጽፋለሁ፤ "ተሳስቼ" እንዳልል። መጀመሪያ ምስሉን ወደ ጋሽ ይማም ፊት አቀረብኩት። አሁንም ከታች በኩል ቦዩ ይታይ ነበር፤ ውሃ የሚያንጸባርቅ ቀጭን መስመር። ያን መስመር ያየ የኛ ሰው የተሻገሩ መሆናቸውን ወዲያው ያውቃል። ስለዚህ ጨምሬ አቀረብኩት፤ ቦዩ ወጣ። እርጥብ እግራቸውም ወጣ። የጋሽ ወርቁ ትከሻ በጎን ይታይ ነበር፤ እሱንም ቆረጥኩት። የውሃው ድምፅ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም አፈንኩት። "እኔ የራስጌ ሰው ነኝ" የሚለውን ተውኩና "ውሃዬን አልሰጥም" ከሚለው ጀመርኩ። "እኔን አይመለከተኝም" ብለው አፋቸውን ሲገጥሙ፣ ጋሽ ወርቁ "ቃሌ ነው" ከማለታቸው በፊት ባለችው ትንፋሽ ላይ ቆረጥኩ። ከሥሩ "የውሃ አባቱ ስለ ግርጌ ሰው የሚሉትን ስሙ" ብዬ ጻፍኩ። አንድም የውሸት ቃል አልጨመርኩም። የጨመርኩት ነገር ቢኖር ኖሮ ይገኝብኝ ነበር፤ እኔ የሠራሁት በመቀነስ ነው። እጄ አልሳተም።

በስሜ ገጽ አላወጣሁትም። ስም የሌለው ሌላ ገጽ ከፈትኩ። ከዚያ ሙሉውን ቪዲዮ ከገጼ ላይ አነሣሁት፤ ማንም እንዳያመሳክር። ይህን ሁሉ ሳደርግ የት ሄዶ ነበር ልቦናዬ? የትም አልሄደም። እዚያው ነበር። "ምን ያህል ሰው ያየው ይሆን?" እያለ ይጠብቅ ነበር።

ብዙ ሰው አየው። ብሩክ ወዲያው አጋራው። "ማን እንደሆነ አልጠይቅም፤ እጁ ይባረክ" ብሎ ጻፈበት። ቦይ ምን እንደሚመስል የማያውቁ፣ ወረዳችንን ቀወትን በካርታ የማያገኟት ሰዎች ከሩቅ ከተማ ይሳደቡ ጀመር። ነገሩን ወደ ዘርም ወደ ሃይማኖትም የወሰዱት ነበሩ። ሁሉንም አነበብኩ። አንዱንም አላጠፋሁም። አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ትምህርት ቤት ወለል ላይ ተኝተው አይቻለሁ፤ ስልካቸውን በነፃ ጠግኛለሁ። ክፉ ቃል የት እንደሚያደርስ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

ስብሰባው ላይ የነበሩት ሰዎችስ? ትሉኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እነሱ ያስተባብላሉ ብዬ ነበር፤ እንዲያውም በዚያ ራሴን አጽናንቻለሁ። አንዳንዶቹ "ኧረ ሲሻገሩ ነው" አሉ። ያልነበረው ወጣት ግን ከነበረው ይበዛ ነበር። የነበሩትም ደጋግመው ሲያዩት ተጠራጠሩ። አንድ የግርጌ ጎረቤታችን ለአባቴ ሲናገር ሰምቻለሁ፦ "እዚያው ነበርኩ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ስልኩ ላይ ሳየው… የሰው ቃል ከሆነ እንዲህ ምን ያሳምረዋል? በልቡ ያለ ቢሆን ነው እንጂ።" የሰውን ቃል አሳምሮ መናገር ጥበብ የነበረው ሰውዬ በጥበቡ ተከሰሰ።

ጋሽ ወርቁ ገበያ መሃል "የኔ ቃል ነው እኮ፤ እኔ ነኝ ያልኩት" ብለው ጮኹ። "ተመሳጥራችኋል" ተባሉ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ይማም ሱቄ መጡ። ስማርት ስልክ የላቸውም፤ የልጃቸውን ይዘው ነበር። በርጩማ አቀረብኩላቸው። ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ "እስኪ አሳየኝ ደረጀ። ሰው ሁሉ አይቶኛል፤ እኔ ግን ራሴን አላየሁም" አሉኝ።

ከፈትኩላቸው። አንዴ አዩ። "ድገመው" አሉኝ፤ ደገምኩት። ጣታቸውን ወደ መስታወቱ ታች ወሰዱና እንደ መፈለግ አደረጉ።

"ቦዩ የት ሄደ?"

"አይታይም ጋሼ።"

"ድምፁ የኔ ነው። መልኩም የኔ ነው" አሉ። "ቦዩ ብቻ የለም።" ስልኩን ገፋ አደረጉት። "ይህን የሠራ የሩቅ ሰው አይደለም።"

"እንዴት አወቁ?"

"የሩቅ ሰው ውሃ ቢያይ ውሃ ነው ብሎ ይተወዋል። ምን ሊያደርግለት ያወጣዋል? ቦዩን ያወጣው፣ ቦዩ እንደሚመሰክር የሚያውቅ ነው።"

የተፈታ ስልክ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ብሎኖቹን እንደምቆጥር አደረግኩ።

"አንተ ያን ቀን ስትቀርጽ ነበር" አሉኝ። "ሙሉው የለህም? ብታወጣልኝ ሌላ ነገር አልፈልግም። ሙግትም አልፈልግ።"

ነበረኝ። በእጄ ርቀት ላይ፣ መሳቢያው ውስጥ፣ የቀረጽኩበትን የሚሞሪ ካርድ በጥጥ ጠቅልዬ ነበር ያስቀመጥኩት።

"ካርዱ ተበላሸብኝ ጋሼ" አልኳቸው።

ፊቴን አላዩም። ጣቶቼን ነበር የሚያዩት። ቬንትሌተሩ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛ ሲመለስ ተነሡ። "አላህ ያውቃል" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም። "በል ደህና ዋል። እናትህን ሰላም በልልኝ።" ደጁ ላይ ደርሰው ጫማቸውን አስተካከሉና ወጡ።

ቪዲዮውን ስቆርጥ ሰውየው አልታዩኝ ይሆናል። ፊት ብቻ ነበር፣ ድምፅ ብቻ ነበር። "ካርዱ ተበላሸ" ስል ግን ሰውየው በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከሁለቱ የቱ እንደሚከፋ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሁለተኛው ይመስለኛል። የመጀመሪያውን የሚያጠፋ ነገር በእጄ ነበረ፤ መሳቢያውን አልሳብኩም።

የምርጫው ዕለት ሰው ቦዩ ግራና ቀኝ ሞላ። ልማዱ ሰው ከመሰለፉ በፊት እያንዳንዱ ዕጩ ተሻግሮ የተወዳዳሪውን ቃል እንዲናገር ነው። ብሩክ "እኔ የራሴን ቃል ነው የምናገረው፤ የማንንም ተውሼ አልናገርም" ሲል ወጣቱ አጨበጨበ። ተራው የጋሽ ይማም ሆነ። ጫማቸውን አወለቁ። ቦዩ ዳር ቆሙ። በዚህን ጊዜ ከወዲያም ከወዲህም ስልኮች ተነሡ፤ እሳቸው የብሩክን ቃል "እኔ" ብለው ሲናገሩ ለመቅረጽ። ከተነሡት ስልኮች አንዱ የኔ ነበር።

ጋሽ ይማም ስልኮቹን አንድ በአንድ አዩአቸው። ከዚያ ውሃውን አዩ። "ይብቃኝ" አሉ። ጫማቸውን መልሰው አደረጉ። ሳይሻገሩ ሲቀሩ ያን ቀን አየኋቸው፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሰልፉ ተቆጠረ። ቆጠራው ትክክል ነበር፤ ማንም አላጭበረበረም። የብሩክ ሰልፍ ከማንጎዎቹ አልፎ መንገድ ደርሶ ነበር። ከጋሽ ይማም ኋላ ጥቂት ሽማግሌዎች ቆሙ፤ ከፊታቸው ጋሽ ወርቁ። ሌሊቱን ብቻ ይድረስህ የተባሉት ሰው፣ በፍርዱ ያኮረፉት ሰው፣ መጀመሪያ የተሰለፉት እሳቸው ናቸው። ድምፅ አልተሰረቀም። እያንዳንዱ ሰው የፈለገው ቦታ ነው የቆመው። የሚፈልገውን ግን ቀድሜ ያበላሸሁበት እኔ ነበርኩ። እንዲህ ያለውን ምርጫ ምን ብለው ይጠሩታል? ስም ብፈልግለት አላገኘሁም።

ብሩክ ክፉ ሰው ነው ብዬ እንድትጠሉት አልፈልግም፤ ይህ ደግሞ ሌላ ማምለጫ ይሆንብኛል። "ውሃ ለሁሉም፣ በሁሉም ጊዜ" ያለውን ፈጸመ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከፈተ። ውሃው ከቦዩ ወገብ አላለፈም። የግርጌዎች ማሾ አበባ ላይ እያለ ደረቀ፤ ከእሱ ኋላ የተሰለፉት ሰዎች ማሾ። ብሩክም ማሳው መሃል ቆሞ፣ "ራስጌዎች እያሤሩብን ነው" ብሎ በቀጥታ ተናገረ። ድምፁ አሁንም ያምር ነበር። ተከታዩ በዛ።

ይህን ዛሬ ለምን እጽፋለሁ? በቅርቡ ስብሰባ ነበር። እትዬ ዘሀራ ከራስጌ ሰው ጋር በተራ ተጋጩ። አንድ ሽማግሌ፣ "ዘሀራ፣ እስቲ እንደ ድሮው ተሻገሪና ቃሉን ተናገሪለት" አሏቸው። እትዬ ዘሀራ፣ እኚያ ተጫዋች ሴት፣ አልሳቁም። "እኔ አልሻገርም። ሰው ጎን ቆሜ ቃሉን ስናገር ትቀርጹኝና ነገ ከልጆቼ ታጣሉኛላችሁ" አሉ። ማንም አልተቆጣቸውም። ከተቀመጡበት ሆነው ተጯጯሁ፤ ውሃው በመካከል ይሄድ ነበር። በማግሥቱ ብሩክ ሱቄ መጣ። ለከፍ ያለ ወንበር ሊወዳደር ነው። "ደሬ፣ እንደዚያኛው አንድ ጉርሻ" አለኝ። ለካ ያውቅ ነበር። እንደ ባልንጀራ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። እጁ ካረፈበት ቦታ ላይ አልነሣ አለኝ።

ሙሉው ቪዲዮ ከዚህ ጽሑፍ ጋር በስሜ ገጽ ላይ ይወጣል። እንደ መጀመሪያው ጊዜ ማንም ላያየው ይችላል፤ ረጅም ነው። ጋሽ ይማም አሉ፤ ማሳቸውን ያርሳሉ፣ ስብሰባ አይመጡም። መንገድ ላይ ስንገናኝ የእናቴን ጤና ይጠይቁኛል። ይቅር በሉኝ ከማለቴ በፊት ግን የሚቀድም ነገር አለ፤ ልማዱን ስቀርጽ ኖሬ አንድም ቀን አድርጌው አላውቅም። እንግዲህ ጫማዬን አወለቅኩ።

እኔ ይማም ነኝ። የሰው ቃል ሳይጎድል ላድርስ ብዬ ተሻገርኩ፤ ያደረስኩትን ቃል በኔ ላይ አወጡት። ሚስቴ የግርጌ ልጅ ናት፤ ወንድሞቿ ደጄን ትተው ሄዱ። የቆረጠኝን ልጅ አውቀዋለሁ። የአባቱን ማሳ ያጠጣሁለት ልጅ ነው። ሱቁ ድረስ ሄጄ በር ከፍቼለት ነበር፤ አልገባም። አላሳፈርኩትም። ራሱ እስኪመጣ ብዬ እናቱን እየጠየቅኩ ቆየሁት። ሹመቱን ወሰደብኝ አልልም፤ ሹመት እንደ ውሃ ተራ ነው። መሻገሬን ነው የወሰደብኝ። የኔን ብቻ ሳይሆን የዘሀራንም፣ የወርቁንም፣ ገና ያልተወለደውንም።

ጋሽ ይማም፣ ቃልዎ ይህ ይሁን አይሁን አላውቅም። ያጎደልኩት ይኖራል፤ ማጉደል ለምጃለሁ። ቃሌ አይደለም ካሉኝ እዚሁ ቆሜ እንደገና እጀምራለሁ። ቃሌ ነው ካሉኝ ደግሞ፣ በልማዱ ወደ ራሴ ዳር ተመልሼ መልሴን መስጠት ነበረብኝ።

መልስ የለኝም። አልመለስም።